ልኬት ወኪል ነው
በሰው ላይ በሚደረግ የሕክምና ምርምር የራጅና የላቦራቶሪ ልኬት ስላለው ሥፍራ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው ሁለት አንደበት አለው። አንዱ የራሱ ነው፤ «ያስለኛል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ጉልበት ከዳኝ» ይላል። ሁለተኛው በመሣሪያ በኩል የሚወጣው ነው፤ በራጅ ፊልም ላይ ያረፈ ጥላ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር የታየ ቀይ ዘንግ፣ በውጤት ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ሰምቶ ይፈርዳል። የአንድ ሰው ጉዳይ ሲሆን የፍርዱ ጉድለት በዚያው ሰው ላይ ታይቶ ሊታረም ይችላል። ጉዳዩ ምርምር ሲሆን ግን ከፊልሙና ከቁጥሩ የተወሰደው ፍርድ ደንብ ሆኖ ይታተማል፤ በሩቅ አገር ለሚኖሩ፣ ተመራማሪው ፈጽሞ ለማያያቸው ሕመምተኞች መድኃኒት ይታዘዝበታል፤ ወይም ይከለከልበታል።

ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው። በሰው ላይ በሚደረግ ምርምር የራጁና የላቦራቶሪው ልኬት ስለ በሽተኛው የሚናገረው በምን ሥልጣን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከሙግት ሥርዓት አንድ ቃል መዋስ ይበቃል፤ እርሱም ወኪል የሚለው ነው። የምርምሩ እውነተኛ ባለጉዳይ የበሽተኛው ሕይወት፣ ጤናውና ሠርቶ የማደር ችሎታው ነው። ይህ ባለጉዳይ ወደ ችሎቱ እስኪደርስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ፊልሙና አክታው በእርሱ ቦታ ቆመው ይናገራሉ። ወኪል መኖሩ መልካም ነው፤ ያለ እርሱም ምርምር ወደ ፊት አይራመድም። ነገር ግን ዳኛ ወኪልን ከመስማቱ በፊት ውክልናውን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ተመራማሪም ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ልኬት የበሽተኛውን ዕጣ ፈንታ በእርግጥ ይወክላልን? ልኬቱን የሚያነበው ሰው ከአድልዎ የተጠበቀ ነውን? ባለጉዳዩ ራሱ እስኪቀርብስ ድረስ ይጠበቃልን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሳንባ ነቀርሳ ምርምር የበለጠ የጠራ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ በሽታ ራጅና ላቦራቶሪ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነቱን ተናግረዋል፤ ሁለቱም አልፎ አልፎ አሳስተዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ጥላውና ዘንጉ

ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው በ1882 ነው። ዊልሄልም ሮንትገን ደግሞ በ1895 በሥጋ ውስጥ አልፎ የአጥንትን ጥላ የሚያሳየውን ጨረር አገኘ። በአማርኛ ራጅ የሚባለው ቃል ራሱ ጨረር ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የተገኘ ነው። እንግዲህ በአሥራ ሦስት ዓመታት ልዩነት ውስጥ ሕክምና ሁለት አዳዲስ ዓይኖች አበራ፤ አንደኛው በሽታውን የሚያመጣውን ተሐዋሲ፣ ሁለተኛው በሽታው በሳንባ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያያል።

ማየት ግን ማዳን አልነበረም። ኮኽ ራሱ በ1890 ቱበርኩሊን የተባለውን ነገር እንደ ፈውስ ባቀረበ ጊዜ ከብዙ አገር ሕመምተኞችና ሐኪሞች ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ እንደማይፈውስ፣ አንዳንዱንም በሽተኛ እንደሚጎዳ ታወቀ። ቱበርኩሊን ከጊዜ በኋላ ጥቅም ያገኘው በሽታን ለማዳን ሳይሆን ተሐዋሲው ወደ ሰውነት የገባ መሆኑን ለመመርመር ነው። በ1924 ደግሞ ሳኖክራይሲን የተባለ ከወርቅ የተቀመመ መርፌ ከዴንማርክ ወጥቶ ተሠራጨ። ብዙ ሐኪሞች የራሳቸውን በሽተኞች እያዩ አመሰገኑት። በ1931 ግን በአሜሪካ አገር አምበርሰንና ባልደረቦቹ 24 በሽተኞችን በሁለት ከፍለው፣ የትኛው ወገን መርፌውን እንደሚወስድ ሳንቲም ወርውረው ወሰኑ። ውጤቱ ተነጻጽሮ ሲታይ ወርቁ ጥቅም አልተገኘበትም፤ ጉዳቱ ግን ተገለጸ።

በእነዚህ ዓመታት የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። ፊልሙም ማይክሮስኮፑም ነበሩ። የጎደለው ልኬቱ የሚሰማበት ሥርዓት ነበር። መድኃኒቱን የሰጠው ሐኪም ራሱ ፊልሙን ያነብባል፤ ሊድን ይችላል ያለውን በሽተኛ ራሱ መርጦ ያክማል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ሰው ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም የሚሆንበት ችሎት ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚሰጥ ለማንም ግልጽ ነው።

፪. የ1947ቱ ሙከራ

በ1943 በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልበርት ሻትዝ በሰልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ሲሠራ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከአፈር ተሐዋሲ አገኘ። መድኃኒቱ በሰው ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ብሪታንያ ልትገዛው የቻለችው መጠን ግን ለሁሉም ሕመምተኛ የሚበቃ አልነበረም። ሁሉንም ማዳረስ ካልተቻለ፣ ያለውን በሚገባ አነጻጽሮ መመርመር ተገቢ ነው በማለት የአገሩ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ከጃንዋሪ 1947 ጀምሮ ሙከራውን ሥራ ላይ አዋለ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሙከራውን ሥርዓት ቀረጸ።

ለሙከራው የተመረጡት በሁለቱም ሳንባቸው በቅርቡ የጀመረና በፍጥነት የሚባባስ ነቀርሳ ያለባቸው፣ ሕመማቸውም በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው ሳንባን የማጠፍ ሕክምና ለእነርሱ አይሆንም። 107 በሽተኞች ገቡ። 55ቱ ከአልጋ ዕረፍት ጋር ስትሬፕቶማይሲን ተሰጣቸው፤ 52ቱ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ቆዩ። ማን ወደየትኛው ወገን እንደሚመደብ የወሰነው ሐኪም አልነበረም፤ አስቀድሞ በዕጣ ቁጥር ተዘጋጅቶ በታሸገ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ነበር። ዕቁብተኛ በዕጣ የወጣለትን ሰው የማይቀየመው ዕጣው ፊት አይቶ ስለማያዳላ ነው። ይህ የታሸገ ፖስታም ያንኑ ሥራ ሠራ፤ ደከም ያለው ወደ አንዱ ወገን፣ ጠንከር ያለው ወደ ሌላው እንዳይገፋ በሩን ዘጋ።

ከዚህ የማያንሰው ሁለተኛው ሥርዓት የፊልሙ ንባብ ነበር። የእያንዳንዱ በሽተኛ የራጅ ፊልሞች ለሦስት ባለሙያዎች ቀረቡ፤ ሁለቱ የራጅ ሐኪሞች፣ አንዱ የበሽተኛ ሐኪም ነበሩ። ሦስቱም ለየብቻቸው አነበቡ። የትኛው ፊልም ስትሬፕቶማይሲን ከወሰደ በሽተኛ፣ የትኛው ካልወሰደ እንደመጣም አያውቁም ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት 55 ሰዎች መካከል 28ቱ፣ ማለት 51 ከመቶው፣ በራጅ ከፍ ያለ መሻሻል አሳዩ፤ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከቆዩት 52 ሰዎች መካከል ይህን ያህል የተሻሻሉት 4 ብቻ፣ ማለት 8 ከመቶ ነበሩ። ከመጀመሪያው ወገን የሞቱት 4፣ ከሁለተኛው 14 ሆኑ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፊልሙና ሞቱ አንድ ቃል መናገራቸው ነው። ወኪሉ የተናገረውን ባለጉዳዩ አጸደቀለት። ውጤቱ በ1948 ታተመ፤ ለብዙ ሐኪሞችም የአዲስ ዘመን ደወል ሆነ።

፫. ፊልሙን የሚያነብ ዓይን

ሦስት አንባቢዎች ለየብቻ፣ ያውም ሳያውቁ እንዲያነቡ መደረጉ ያለምክንያት አልነበረም። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ያዕቆብ የሩሻልሚ የተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያና ባልደረቦቹ በራጅ ንባብ ላይ ሰፊ ጥናት አደረጉ። ከ1947 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሐኪሞች የአንድን በሽተኛ ሁለት ፊልሞች አስተያይተው «ተሻሽሏል፣ ብሶበታል፣ አልተለወጠም» እንዲሉ ሲጠየቁ፣ ከሦስቱ አንድ ያህሉን እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙበት አሳዩ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ አንዱ ሐኪም ያንኑ ፊልም ከጊዜ በኋላ መልሶ ሲያነብ ከአምስቱ አንድ ያህሉን ከራሱ የቀድሞ ቃል ጋር አለመስማማቱ ነው።

ይህ ግኝት የማንንም ሙያ የሚያዋርድ አይደለም። ጥላ ጥላ ነው፤ የጎድን አጥንት ይሸፍነዋል፣ የትንፋሽ መጠን ይለውጠዋል፣ የጨረሩ ጥንካሬ ያጎላዋል ወይም ያደበዝዘዋል። ከዚህ ላይ አንባቢው «ይህ አዲሱን መድኃኒት የወሰደው ነው» የሚል አሳብ ቢጨመርበት፣ በሚያጠራጥረው ቦታ ሁሉ ዓይኑ ወደ ተስፋው ያዘነብላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ የሰው ተፈጥሮ ነው። ክፋት የሚሆነው ተፈጥሮው ከታወቀ በኋላ መከላከያ ሳያበጁ መቅረት ነው። መከላከያው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የበሽተኛውን ስም በቁጥር መለወጥ፣ የሕክምናውን ዓይነት ከአንባቢው መሠወር፣ ከአንድ በላይ አንባቢ ማቆም፣ አለመስማማቱንም ሳይደብቁ መመዝገብ ብቻ ነው።

በላቦራቶሪም ነገሩ ይኸው ነው። ከአክታ ይልቅ ምራቅ ተቀብሎ የመረመረ ባለሙያ «ተሐዋሲ አልታየም» ብሎ ሲጽፍ በቃሉ አልዋሸም፤ ስለ በሽተኛው ሳንባ ግን ምንም አልተናገረም። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ መርማሪ ይሆናል። የምርምር ትልቁ ሕንፃ የሚቆመው ስማቸው በጽሑፉ ራስጌ ላይ በማይወጣ ሰዎች የዕለት ጥንቃቄ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

፬. ጊዜ የገለጠው

የ1947ቱ ሙከራ ታሪክ በስድስተኛው ወር ቢቆም ኖሮ የድል ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በሽተኞቹን መከታተል አልተዉም። ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት እጅግ ከተሻሻሉ በኋላ መልሰው መድከም ጀመሩ። ምክንያቱን የተናገረው ላቦራቶሪው ነበር። ከ41 በሽተኞች የተወሰደው ተሐዋሲ ሲመረመር በ35ቱ ላይ ስትሬፕቶማይሲንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ደካማውን ተሐዋሲ ገድሎ ለጠንካራው ሜዳውን ለቀቀለት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት 55 ሰዎች 32ቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ከቆዩት 52 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። በስድስት ወር ያን ያህል ሰፊ የነበረው ልዩነት እጅግ ጠብቦ ተገኘ።

እንግዲህ የስድስተኛው ወር ፊልም ዋሽቶ ነበርን? አልዋሸም። በተጠየቀበት ቀን ያየውን ተናግሯል። ያልተሰጠውን ውክልና ይዞ ስለ አምስተኛው ዓመት እንዲናገር ቢደረግ ግን ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የአስነጋሪው ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ የሚመሰገኑት ይህን ባለማድረጋቸው ነው፤ መከታተላቸውም ለሚቀጥለው እርምጃ መንገድ ከፈተ። ወዲያው በተደረገ ሌላ ሙከራ ስትሬፕቶማይሲን ፓስ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ተሰጠ። በ1950 በወጣው ውጤት መሠረት ስትሬፕቶማይሲን ብቻ ከወሰዱት 49 ሰዎች በ33ቱ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት 48 ሰዎች ግን በ5ቱ ብቻ መድኃኒቱን የሚቋቋም ተሐዋሲ ተገኘ። የሳንባ ነቀርሳ ከአንድ በላይ መድኃኒት ተጣምሮ የሚታከመው ከዚህ ትምህርት የተነሣ ነው።

ከዚህ ጋር መታወስ ያለበት በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የተደረገው ጥናት ነው። በ1956 የተጀመረው ይህ ሥራ 193 በሽተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፈለ፤ አንዱ ወገን በደህና ሳናቶሪየም፣ ሌላው በከተማው ድሃ ሠፈር በየቤቱ፣ ተመሳሳይ መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰደ። በሳናቶሪየም የተኙት የተሻለ ምግብና ዕረፍት ስላገኙ ክብደታቸው በብልጫ ጨመረ። ሚዛን ብቻ ወኪል ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ለሳናቶሪየሙ ይሰጥ ነበር። የአክታው፣ የፊልሙና የኋላ ክትትሉ ውጤት ግን በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ተቀራራቢ ሆነ፤ በቤታቸው የታከሙት ሰዎች ቤተሰብም በዚህ ምክንያት የበለጠ አልታመመም። ይህ ፍርድ በ1959 ሲወጣ፣ የሆስፒታል አልጋ ለሌላቸው አገሮች ሁሉ የሕክምና በር ተከፈተ። የሚዛኑ ቁጥር እውነት ነበር፤ የወከለው ግን የምግቡን ነገር እንጂ የበሽታውን መዳን አልነበረም።

፭. የፈጠነ አክታ

ከዚያ ወዲህ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ከኢሶኒያዚድ ጋር ሲጣመሩ የሕክምናው ጊዜ ወደ ስድስት ወር አጠረ። ስድስት ወርም ቢሆን መድኃኒት መዋጥ ለቀን ሠራተኛ፣ ለገበሬና ለእናት ረጅም ነው። ስለዚህ ወደ አራት ወር ማሳጠር የብዙ ተመራማሪዎች ምኞት ሆነ። ምኞቱን ያጠናከረው አንድ የላቦራቶሪ ልኬት ነበር። ሞክሲፍሎክሳሲን የተጨመረላቸው በሽተኞች አክታ በካልቸር ሲመረመር ቀድሞ ከተሐዋሲ ይጠራ ነበር። ቀድሞ የጠራ አክታ ቀድሞ የዳነ በሽተኛን ይወክላል ተብሎ ተስፋ ተደረገ።

ይህ ተስፋ ሬሞክስ በተባለው ትልቅ ሙከራ ተመዘነ፤ 1,931 በሽተኞች ገቡበት፤ ውጤቱ በ2014 ወጣ። በአራት ወሩ ሕክምና የአክታው መጥራት በእርግጥ ፈጠነ። በሽተኞቹ ከሙከራው መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 18 ወር ሲከተሉ ግን በሽታው ያገረሸባቸው በዙ። በስድስት ወሩ ሕክምና መልካም ውጤት ያገኙት 92 ከመቶ ሲሆኑ፣ በሁለቱ የአራት ወር ሕክምናዎች 85 እና 80 ከመቶ ሆኑ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ሆነ።

ምክንያቱ ከበሽታው ጠባይ የሚገኝ ነው። በአክታ የሚወጣው ተሐዋሲ ከአየር ቧንቧ ጋር በተገናኘው የሳንባ ጉድጓድ ውስጥ የሚባዛው ነው። ከዚህ ሌላ ግን በተዘጋና በወፈረ ቁስል ውስጥ ሳይባዛ አድፍጦ የሚቆይ ተሐዋሲ አለ። ያ ወደ ብልቃጡ አይመጣም። አንድ መድኃኒት የሚባዛውን በፍጥነት ገድሎ አክታውን ያጠራል፤ ያደፈጠውን ካልደረሰበት ግን መድኃኒቱ በቆመ ማግስት በሽታው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አክታው የሚወክለው የሚታየውን ጦር እንጂ በዋሻ ያለውን አይደለም።

ያደፈጠውን ለማየት ወደ ምስል መመለስ አይበጅም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። በደቡብ አፍሪካ ፔት ሲቲ በተባለው መሣሪያ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት ይህንኑ ሞክሯል። መሣሪያው የሳንባውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚካሄደውን የቁስል ብጥብጥ ጭምር ያሳያል። በጥናቱ የተሳተፉት 99 በሽተኞች ነበሩ። ሕክምናቸውን ጨርሰው በአክታ የዳኑ ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ሳንባቸው በፔት ሲቲ ሲታይ ገና የሚያበራ ቁስል ነበረበት፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በሽታው አላገረሸባቸውም። አክታው ካለው በላይ ተስፋ ሰጥቶ እንደነበረ ሁሉ፣ ምስሉ ደግሞ ካለው በላይ አስፈራ። ሕክምና ከተፈጸመ በኋላ የቀረውን ሥራ የሰውነት የራሱ መከላከያ እንደሚጨርሰው ይገመታል፤ ይህን ግን ፊልምም ብልቃጥም ለየብቻቸው አይለኩትም።

የአራት ወሩ ምኞት በመጨረሻ ፍሬ ያፈራው በሌላ የመድኃኒት ቅንጅት ነው። ሪፋፔንቲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የተጣመሩበት ሕክምና በ13 አገሮች በ2,516 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ከስድስት ወሩ እንደማያንስ በ2021 ተገለጸ። ለዚህ ፍርድ መሠረት የሆነው የአክታው ፍጥነት አልነበረም፤ በሽተኞቹ ከተመደቡበት ቀን አንሥቶ እስከ አንድ ዓመት ተከትሎ ከበሽታው ነፃ ሆነው የቆዩትን መቁጠር ነበር። ባለጉዳዩ ራሱ ቀረበ ማለት ነው።

፮. ከአዲስ አበባ የተገኘ ምስክርነት

ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ በዓለም ዙሪያ ከ20 እስከ 24 ወር የሚፈጅ ሕክምና ይሰጠው በነበረበት ጊዜ፣ ይህን ወደ 9 እና 11 ወር ለማሳጠር ስትሪም የተባለ ሙከራ በ2012 ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተሳተፉት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሥራው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በ1970 በተቋቋመው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተካሄደ። ሌሎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ናቸው።

424 በሽተኞች በዕጣ ተመደቡ። በ2019 የወጣው ውጤት እንዳሳየው መልካም ውጤት ያገኙት በረጅሙ ሕክምና 79.8 ከመቶ፣ በአጭሩ 78.8 ከመቶ ነበሩ። አንድ ዓመት የሚያህል የመርፌና የክኒን ሸክም ከበሽተኛው ትከሻ ሊወርድ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ያው ሙከራ ሌላም ነገር ለክቷል። በአጭሩ ሕክምና ውስጥ ያሉት መድኃኒቶች የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዛቡ ስለሚችሉ የበሽተኞቹ ልብ በኤሌክትሮካርዲዮግራም በየጊዜው ይነበብ ነበር። አደገኛ ተብሎ ከተወሰነው መጠን የደረሰው ዝግመት በአጭሩ ሕክምና በ11.0 ከመቶ፣ በረጅሙ በ6.4 ከመቶ ታየ። ይህ ልኬት የተነበበው አጭሩን ሕክምና ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ አልነበረም፤ በሽተኛው ከመውደቁ በፊት መጠኑ እንዲስተካከልለት ወይም መድኃኒቱ እንዲለወጥለት ነበር።

በሁለተኛው ምዕራፍ መርፌውን ከናካቴው አስወግዶ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ማከም ተሞከረ፤ ኢትዮጵያም ተሳትፋለች። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ መልካም ውጤት ያገኙት በሚዋጠው ሕክምና 83 ከመቶ፣ መርፌ ባለበት 71 ከመቶ ሆኑ። የመስማት ኃይልም ተለክቶ ነበር፤ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በሚዋጠው 2 ከመቶ፣ መርፌ ባለበት 9 ከመቶ ናቸው። የመርፌው መድኃኒት ከስትሬፕቶማይሲን ወገን ነው። ስትሬፕቶማይሲን ራሱ የውስጥ ጆሮን እንደሚጎዳ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ታውቆ ነበር፤ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ግን ብዙ ሰው ሳንባው ድኖ ጆሮው ተደፈነ። አክታና ፊልም ብቻ ተለክተው ቢሆን ኖሮ ያ ሰው «ድኗል» ተብሎ መዝገቡ በተዘጋ ነበር።

፯. የበሽተኛው ፈቃድና የባለሙያው ግዴታ

ስለ ልኬት ሲነገር ልኬቱ የሚወሰድበት ሰው መረሳት የለበትም። በ1947ቱ የብሪታንያ ሙከራ በአልጋ ዕረፍት ብቻ የተመደቡት ሕመምተኞች በሙከራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የኑረምበርግ ደንብ፣ በኋላም በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ የተሳታፊውን ፈቃድ የምርምር መጀመሪያ አደረጉት። የሥርዓቱ ጥራት የሚደነቀውን ያህል ይህ ጉድለቱም ሊነገር ይገባል።

ፈቃድ ማለት በወረቀት ላይ የተደረገ የጣት አሻራ ብቻ አይደለም። በሽተኛው ስንት ጊዜ ደም እንደሚቀዳ፣ ስንት ጊዜ ራጅ እንደሚነሣ፣ ይህ ሁሉ ለእርሱ ሕክምና ይሁን ለምርምሩ፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቀርበት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። እያንዳንዱ ራጅ ጨረር ነው፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ደም ነው። ጥያቄ የማይመልስ ልኬት፣ መሣሪያው ስላለ ብቻ የሚወሰድ ልኬት፣ ከበሽተኛው ያለ አግባብ የተወሰደ ነገር ነው።

ከተነገረው ሁሉ ለማኅበሩ አባላት የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። ሙከራ የሚያቅድ ሐኪም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚለካውን ነገር፣ የሚለካበትን ቀንና ከዚያ ልኬት የሚወስደውን ፍርድ ይጻፍ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚመረጥ ልኬት ከሙግቱ በኋላ እንደተፈለገ ምስክር ነው። የራጅ ሐኪም የሚያነበው ፊልም ከየትኛው ወገን እንደመጣ እንዳይነገረው ይጠይቅ፤ ቢነገረው ይቃወም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙናው ለምርመራ የማይበቃ ሲሆን የማይበቃ መሆኑን ለመጻፍ አይፈር፤ ባዶ ቦታ ከሐሰት ቁጥር ይሻላል። ሁሉም በአንድነት ደግሞ ልኬቱ ካማረ በኋላ በሽተኛውን ፈልገው ያግኙት። ቀበሌ የለወጠውን፣ ወደ ገጠር የተመለሰውን፣ ስልኩ የማይነሣውን ሰው ተከታትሎ ማግኘት ከማንኛውም የምርምር ሥራ አድካሚው ነው፤ ጥናቱን ከማስጌጥ ወደ እውነት የሚያሸጋግረውም እርሱ ነው።

ፊልም በመሳቢያ ይቀመጣል፤ አክታ ከተመረመረ በኋላ ይወገዳል፤ ቁጥር በሠንጠረዥ ይሰፍራል። በሽተኛው ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምርምሩ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ሠርቶ ሲገባ፣ ልጆቹን ሲያሳድግ፣ ሳያስለው ሲያድር ነው። ልኬት ይህን ሰው ወክሎ እስከተናገረ ድረስ ይከበር፤ ከዚህ ባለፈ የተናገረ ጊዜ ግን ውክልናው ይጠየቅ።